የሐሙስ ውሃ

ግራ እግሩን ጫማ አጥልቆ፣ ቀኙን ባዶ አድርጎ፣ አልጋው ጫፍ ላይ እስከ ምሳ ሰዓት የሚቀመጥ አንድ ሽማግሌ አውቃለሁ። ሌላኛው ጫማ አልጠፋበትም። ከፊቱ ነው ያለው፤ አፉን ከፍቶ ያየዋል፣ ሽማግሌውም ያየዋል። አይነጋገሩም። ሽማግሌው እኔ ነኝ። ጫማው ጡረታ በወጣሁ ሰሞን ከወልድያ የገዛሁት ቡናማ ቆዳ ነው። በዚያ በጋ ከሁለታችን ጤነኛው እሱ ነበር።

ያን ጊዜ የውሃ አባት ነበርኩ። ለማያውቅ ላስረዳ፤ የማስረዳት ሱሴ ከጡረታ በኋላም አልለቀቀኝም። ከመርሳ ወጣ ብሎ ከወንዝ የተጠለፈ ቦይ አለን። በጋ ላይ ሽንኩርቱም ቲማቲሙም የሚበቅለው፣ ማንጎውም የሚጠጣው ከእሱ ነው። ወንዙ አንድ፣ ባለማሳው ብዙ ስለሆነ ውሃው በተራ ነው፤ ለአንድ ሰው አንድ ቀን። ተራውን የሚይዘው የውሃ አባት ነው። ማለዳ ውሃው ወደየማሳው በሚከፈልበት መክፈያ ላይ ይቆማል፣ ድንጋዩንና ጭቃውን ከአንዱ በር ያስነሳል፣ ሌላውን ያስደፍናል፣ «ዛሬ የእገሌ፣ ነገ የእገሊት» ይላል። ደመወዝ የለውም። ክብር አለው፤ ክብሩም የካቲት ሲደርስና ወንዙ ሲቀጥን ስድብ ይሆናል።

አርባ ዓመት ያህል ጂኦግራፊ አስተምሬ ወደ አባቴ መሬት ስመለስ ገበሬው ተሰብስቦ መረጠኝ። «የአባይን ገባሮች በቃሉ የሚያውቅ ሰው የኛን ቦይ አይስትም» አሉ። የአባይን ገባሮች ዛሬም አውቃለሁ። የሳትኩት ቦዩን ነው።

ተራው በደብተር አይያዝም ነበር። መምህር የነበረ ሰው ደብተር ይዞ መክፈያ ላይ ከቆመ ገበሬው ይጠረጥራል፤ «ጽፎ ሊሰርዝ ነው» ይላል። በሰው ሁሉ ፊት በአፍ የተነገረ ተራ ግን ማንም አይሰርዘውም። ስለዚህ ቦዩ በሙሉ እኔ ጭንቅላት ውስጥ ይኖር ነበር። አሁን ሳስበው፣ የአንድ ቀበሌ ሕዝብ ንብረቱን የት እንዳስቀመጠ ቢያውቅ ኖሮ እንቅልፍ አይወስደውም ነበር።

ከተራው ሕግ ሁሉ የከበደው የለቅሶ ውሃ ነው። ሐዘን የገባበት ቤት ውሃ አይመራም። ተራው ቢደርስ ያልፈዋል፣ ከኋላው ያለው ይወስድለታል። ያለፈው ተራ ግን አይሞትም፤ ሐዘኑ ሲወጣ ይመለስለታል። የሚመለስበትን ቀን የሚናገረው የውሃ አባቱ ነው፤ የሚናገረውም እዚያው ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ቆሞ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። «የዚህ ቤት ውሃ በእንዲህ ያለ ቀን ይመለሳል፤ በዚያ ቀን ባለተራ የነበርክ አንተ አንድ ቀን ወደ ኋላ ትላለህ» ይላል። ሰውም እሺ ይላል። ይህ ካልተነገረ አንድ ቀን የሁለት ሰው ይሆናል፣ ሁለቱም እውነት አላቸው። ከውሸታም ጋር የተጣላ ሰው ማታ እርቅ ይለመናል። ሁለት እውነተኞች ከተጣሉ ማን ማንን ይለምናል?

ሕመሙ የገባው ኅዳር ላይ ነው። እንደ ሌባ አልገባም፤ እንደ ሩቅ ዘመድ ገባ፣ «ብዙ አልቆይም» እያለ። መጀመሪያ እንቅልፌን ወሰደ። ቀጥሎ የእህል ጣዕም። ከዚያ ጭንቅላቴ ውስጥ ያለውን ተራ መነካካት ጀመረ። ማለዳ ተነስቼ ስሞቹን እቆጥራለሁ፤ ከአምስተኛው ስም ስደርስ አንደኛው ይጠፋል። አንደኛውን ልፈልግ ስመለስ አምስቱም የሉም። በኋላ በኋላ መቁጠሩን ተውኩ፣ ከዚያ መክፈያ መሄዱን ተውኩ፣ ከዚያ ከአንድ ጫማ በላይ ማድረጉን ተውኩ።

«ሰውዬ፣ ያ ጫማ ይነክሳል እንዴ?» አለችኝ ሚስቴ አንድ ቀን በር ላይ ቆማ።

«እያሰብኩ ነው።»

«ምኑን?»

«ቀኙ የትኛው እንደሆነ።»

አልሳቀችም። ምሳዬን አስቀምጣ ወጣች። ውጭ ሰው ሲጠይቃት «ደም ብዛት ይዞታል» ስትል ሰማኋት። ደም ብዛት የተከበረ ሕመም ነው፤ የቀበሌ ሊቀ መንበሩም አለበት፣ ቄሱም አለባቸው። እኔ ግን ሌላውን ፈርቼ ነው እሷ ያለችውን ተቀብዬ ዝም ያልኩት። የውሃ አባት አእምሮውን ታመመ ከተባለ እስከ ዛሬ የሰጠው ተራ ሁሉ ይጠየቃል። «ያን ጊዜ ለእገሌ የሰጠውስ ጤነኛ ሆኖ ነው?» ይባላል። ዓመት ሙሉ ያለፈ ውሃ እንደገና ቦይ ውስጥ ይገባል። እንዲህ ብዬ ራሴን አሳመንኩ። በከፊል እውነት ነበር፤ የቀረው ኩራት ነው።

እኛ አገር ደግሞ ሰው ሰላምታውን ሳይጨርስ ሥራህን ይጠይቅሃል። «እንዴት አደሩ፣ ጤና ነዎት፣ ሥራ እንዴት ነው፣ ውሃው እንዴት ነው?» ቦዩ አጥሬ ሥር ነው የሚያልፈው፤ ሰው ሁሉ በዚያ ያልፋል፤ ሰው ሁሉ ይጠይቃል። እኔም አንድ መልስ አበጀሁ።

«ውሃ ቁልቁል ነው የሚሄደው፤ እኔ ምን አደርግለታለሁ?»

ይስቃሉ። የሳቀ ሰው ሁለተኛ አይጠይቅም፤ ይህን ያስተማሩኝ የቤት ሥራ ሳይሠሩ የሚመጡ ተማሪዎቼ ናቸው። «ታዲያ የኔ ተራ መቼ ነው?» የሚል ሲገኝ አንዱን ቀን እጠራለታለሁ። ብዙ ጊዜ ትክክል ሆነ፤ የድሮው ትዝታዬ በራሱ እየሠራ ነበር፣ እንደ ቆመ ሰዓት በቀን ሁለት ጊዜ። መክፈያው ላይ ሰዎቹ እርስ በርስ እየተስማሙ ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። የውሃ አባት የሌለው ቦይ ለሁለት ወር ያህል በሰላም ፈሰሰ። ያ ሰላም ነው ያታለለኝ።

ቀልዴን ግን አንድ ሰው አልወደደውም። ከልጅነት የማውቀው ጓደኛዬ ነው፤ መካ ደርሶ ከተመለሰ ጀምሮ ሀጂ ነው የምለው። ሽንኩርት ገበሬ ነው። ከአሱር ሶላት በፊት ሽርጡን እየሰበሰበ ብቅ ይላል፣ በረንዳዬ ላይ ይቀመጣል።

«አፊያ ነህ፣ ቲቸር?»

«ደም ብዛት።»

«ደም ብዛት ሰውን አያከሳም፤ የኔ ሚስት ደም ብዛት አላት፣ በሩ አይበቃትም።»

«ሀጂ፣ ሚስትህ ትስማህ።»

«ትስማ። አንተን ነው የጠየቅሁት። ሥራ እንዴት ነው?»

«ውሃ ቁልቁል ነው…»

«እሱን ለሌላ ንገር» አለና ቦዩን አየ። ከዚያ፣ «ዱዓ ላስደርግልህ?» አለኝ። ሚስቴ በበኩሏ ጠበል ወስዳኛለች። ሁለቱንም ተቀበልኩ። ወሎዬ መሆን ለዚህ ጥሩ ነው፤ ሁለት በር ታንኳኳለህ። ሁለቱም ደጅ ላይ ግን ሥራ እንዴት ነው የሚል ሰው ጠበቀኝ።

ጥር ሲጋመስ ከበላይ ሰፈር አንዲት እናት ሞቱ። ልጃቸው ተማሪዬ ነበር፤ ካርታ ላይ ጅዳን አሳይቼው፣ አድጎ ራሱ ሄደባት። ከዓመታት በኋላ ተመልሶ የእናቱን መሬት በሙሉ ሽንኩርት ተከለበት። ሰው የጅዳው ይለዋል። ያመጣውንም፣ ትከሻውንም፣ ንዴቱንም እዚያ ችግኝ ላይ ነው ያፈሰሰው። እናቱ ሲሞቱ ውሃው የእሱ ተራ ሊሆን ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር። እንደ ሕጉ አለፈው፤ ከኋላው ያለው ወሰደ።

ለቅሶ ሄድኩ። ሚስቴ የጫማዬን ማሰሪያ እንደ ልጅ አሰረችልኝ። ድንኳኑ ሞልቷል። ዱዓው እንዳለቀ አንድ ሽማግሌ ወደ እኔ ዞረው፣ «የውሃ አባት፣ የዚህ ቤት ውሃ እንዴት ይሁን?» አሉ።

 ቆምኩ። የማን ቀን የት እንዳለ ልፈልግ ወደ ጭንቅላቴ ገባሁ፤ ማንም አልነበረም። ባዶ ክፍል፣ የተደመሰሰ ሰሌዳ። የጅዳው ከፊቴ ተቀምጦ፣ በቀላ ዓይኑ ወደ ላይ ያየኛል። አፌ ከፈት አለና የለመደውን አወጣ።

«ውሃ ቁልቁል ነው የሚሄደው።»

ለቅሶ ቤት ውስጥ። አንድ ሰው እንኳ ቢስቅ ወይ ቢሰድበኝ ኖሮ እድን ነበር። ሽማግሌው ግን ዓይናቸውን ጨፍነው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እውነት ነው» አሉ፣ «ሁላችንም ቁልቁል ነን። አላህ ይዘንላቸው።» ድንኳኑ በሙሉ አሚን አለ። ተቀመጥኩ። ጥበብ ተናግሬ ነበር ለካ። ወደ ቤቴ ስሄድ ሁለት ሰዎች እጄን ጨበጡኝ። ያልተነገረው ቀን ግን እዚያው ድንኳኑ ውስጥ ቀረ። ድንኳኑ ሲነሳ ማንም ያየው የለም።

ሐዘኑ እንደወጣ የጅዳው በአጥሬ በኩል መጣ።

«መምህር፣ ያለፈው ውሃዬ መቼ ነው የሚመለስልኝ? ችግኙ አንገቱን ደፍቷል።»

«ሐሙስ» አልኩት። ሐሙስ ያልኩት ሐሙስ ሩቅ ስለነበረ ነው።

«የሚመጣው ሐሙስ?»

«የሚመጣው።»

እጄን ሊስም ጎንበስ አለ። ከለከልኩት፤ ትሕትና መስሎት ደስ አለው።

በበነጋው ሀጂ መጣ። «ቲቸር፣ የሚመጣው ሐሙስ የኔ ነው አይደል?»

ነበር። በተራው የእሱ ነበር፤ ያን ጊዜ ድንገት ጥርት ብሎ ታየኝ፤ ጭጋግ ለአፍታ ሲገለጥ ተራራ እንደሚታይ። «ያንተ ነው» አልኩት። የጅዳውን ግን አላየሁትም። ጭጋጉ እሱ ላይ ነበር። ሀጂ ከሄደ በኋላ ነው እሱም የታየኝ፣ ሐሙስን እንደያዘ።

ተነስቼ ልጠራው ይገባ ነበር። ርቀቱ አንድ ጩኸት አይሞላም። ጫማው ግን ከፊቴ ነበር።

ሰኞ ዕለት ሚስቴ ወልድያ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ከመርሳ ሚኒባስ ያዝን። አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ገና መኪናው ሳይንቀሳቀስ፣ «አባባ፣ ለሥራ ነው?» አለችኝ።

«መስታወት ነጋዴ ነኝ» አልኳት።

«ይሸጣል?»

«ሰው ፊቱን እያየ ይመልሰዋል።»

ሳቀች። ሚስቴ ክርኗን ጎኔ ውስጥ ከተተችው። እስከ ኬላው ድረስ ስለ መስታወት ንግድ አወራን፤ ዋጋ እንኳ ተከራከርን። ቀላል ነበር። የሌለኝን ሥራ እንዳሻኝ እሠራው ነበር፤ ያለኝን ነው ያቃተኝ።

ኬላው ላይ ሁላችንም ወረድን። ጠባቂው መታወቂያዬን ተቀብሎ አገላበጠው።

«ሥራ?»

«ተጽፏል፤ መምህር።»

«አሁን ያስተምራሉ?»

«አሁን ውሃ አስተምራለሁ። ቁልቁል እንዲሄድ።»

አልሳቀም። መታወቂያዬን ይዞ ፊቴን አየ፣ እንደገና ፎቶውን አየ። ሌላው ተሳፋሪ ከእኔ ትንሽ ፈቀቅ አለ። በዚህ ዘመን ኬላ ላይ ያለ ቀልድ ለብቻው እንዲቆም ነው የሚፈረድበት።

«አባት፣ ቀልድ አልጠየቅሁዎትም። ሥራ አለዎት ወይስ የለዎትም?»

እስከዚያ ቀን እንዲህ አድርጎ የጠየቀኝ አልነበረም። አለ ወይስ የለም። ከንፈሬ ተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ አልወጣም። የመስታወቱን ዋጋ የተከራከረችኝ ሴት ከኋላ፣ «ታመው ነው፣ ሐኪም ቤት እየሄዱ ነው» አለች።

«ምን ታመው?»

«ደም ብዛት» አልኩ። ያኛው ወዲያው ወጣ። መታወቂያዬን ሰጠኝና አለፍን። ውሸቴ ኬላ አሳለፈኝ። እውነቱ ምን እንደሚያደርገኝ አልሞከርኩም። ሴትየዋ እስከ ወልድያ ድረስ ስለ መስታወት አንድም ነገር አልጠየቀችኝም።

ሐኪም ቤት ውስጥ ቀስ ብሎ የሚናገር ባለሙያ አገኘን። እንቅልፌን ጠየቀ፣ ምግቤን ጠየቀ፣ መኖር አስጠልቶኝ ያውቅ እንደሆነ ጠየቀ። ሚስቴ መሬት መሬቱን ታያለች። ድባቴ ነው አለኝ፤ ይታከማል አለ። ከዚያ እስክሪብቶውን አንስቶ፣ «አሁን ሥራዎን መሥራት ይችላሉ?» አለ።

«እሠራለሁ።»

ሚስቴ ቀና አለች። አየኋት፤ አንገቷን መልሳ ደፋች።

«ሥራዎ ሰውን ሊጎዳ የሚችል ዓይነት ነው? መኪና መንዳት፣ ማሽን…»

«ውሃ ብቻ ነው።»

«ለጊዜው ማረፍ ሳይሻልዎት አይቀርም። ወረቀት ልጻፍልዎት?»

«ለማን ልሰጠው? አለቃዬ ወንዙ ነው፤ ማንበብ አይችልም።»

ደግ ሰው ነበር፤ ሳቀ። ወረቀቱን ተወው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለውን ስንት ጊዜ ለተማሪ ጽፌያለሁ፤ ውሃው እኔ እሆናለሁ ብዬ ግን አላሰብኩም። መድኃኒቴን ይዤ፣ ወረቀቱን ትቼ ወጣሁ። ሚስቴ እስከ መርሳ አላናገረችኝም። ስንወርድ ብቻ፣ «እዚያም?» አለች።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ የጅዳው በአጥሬ አለፈ። አዲስ እጀታ የገባለት አካፋ ትከሻው ላይ ነበር፤ እጀታው ገና ነጭ ነው። «ነገ ነው እንግዲህ፣ መምህር» አለኝ። «የአክስቶቼ ልጆችም ሊያግዙኝ ይመጣሉ።» ራሴን ነቀነቅሁ።

ጥቂት ቆይቶ ሀጂ መጣ። አልተቀመጠም። «ነገ ከማለዳ እጀምራለሁ። ልጆቼን ከጊራና ከተማ ጠርቻለሁ፤ አንድ ቀን ላይበቃ ይችላል፣ እንሻማዋለን።» ከዚያ ትኩር ብሎ አየኝ። «ቲቸር፣ የምትለኝ ነገር አለ?»

ነበረኝ።  አንድ ቃል እንኳ ብጀምር ሌላው ይከተለው ነበር። «ውሃው ቀጥኗል፣ ቶሎ ጀምር» አልኩት። ከዚያ የከፋ ምክር በሕይወቴ ሰጥቼ አላውቅም።

ሲመሽ ሁለቱ ማሳዎች ላይ ሰው ቦይ ሲጠርግ ይሰማኝ ነበር። ጭረት፣ ዝም፣ ጭረት፣ ዝም። አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች። አንዱ የሌላውን አይሰማም፤ ሁለቱንም የምሰማው እኔ ብቻ ነበርኩ። ሚስቴ «ምን ሆነሃል?» አለች። «ምንም።» እራቴን አነሳችው። አልበላሁትም ነበር።

ሐሙስ ማለዳ ኡኡታው ሲሰማ አልጋው ጫፍ ላይ ነበርኩ፣ በአንድ ጫማ። ሚስቴ ሮጣ ገባች።

«መክፈያው ላይ ሰው ተያይዟል። ሀጂና የጅዳው ናቸው፤ ሁለቱም መምህሩ ሰጠኝ ይላሉ።» አየችኝ። «ሰጥተሃል?»

«ሰጥቻለሁ።»

«ለማን?»

«ለሁለቱም።»

አልጮኸችም። ተንበርክካ ግራ ጫማዬን ፈታች፣ አወለቀችው፣ የራሷን ሰማያዊ የላስቲክ ነጠላ ጫማ ሁለቱንም እግሬ ላይ አደረገችልኝ። «እነዚህ ማሰሪያ የላቸውም» አለች። ነጠላ ጫማው አጥሮኝ ተረከዜ መሬት እየነካ፣ የአበባ ሥዕሉ ጣቶቼ ላይ እየታየ ሄድኩ። ለሞት የሚሄድ ሰው እንዲህ ተጫምቶ እንደማይሄድ አውቄ በዚያው ትንሽ ተጽናናሁ።

በማንጎዎቹ መካከል ሳልፍ ቦዩ ደርቆ ነበር። ውሃውን ላይ ይዘውታል። መክፈያው ላይ ስደርስ ሀጂ ቦዩ ውስጥ ቆሟል፤ ሽርጡን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ፣ ዶማውን ተደግፎ። ሁለቱ ልጆቹ ከኋላው ናቸው። የጅዳው ዳር ላይ፣ አካፋውን በሁለት እጁ ይዞ። የአክስቶቹ ልጆች ከኋላው፣ ዱላ አላቸው።  ውሃው ብቻ ከተደፈነው ድንጋይ ጀርባ ይንጎራጎራል። ከሀጂ ቅንድብ በላይ ቀጭን ደም ወርዷል፤ ድንጋይ ተወርውሮ የነካው ነው። እሱ አልጠረገውም።

«መጣ» አለ ሀጂ። «ቲቸር፣ ንገረው። የማን ነው?»

«መምህር፣» አለ የጅዳው፣ «የእናቴን ውሃ ለማን ሰጡብኝ?»

«ውሃ…» አልኩ።

አፌ የለመደውን ሊቀጥል ነበር። ማንም ሊስቅ አልተዘጋጀም። የሀጂን ደም አየሁ፣ የአካፋውን ነጭ እጀታ አየሁ፣ የሚስቴን ነጠላ ጫማ አየሁ። ከኬላው ጀምሮ ያላለቀው ጥያቄ እዚያ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር፤ አለ ወይስ የለም።

«ሥራ የለኝም» አልኩ። «ከኅዳር ጀምሮ አልሠራሁም። መሥራት አልቻልኩም። ደም ብዛት አይደለም፤ አእምሮዬን ነው የታመምኩት። ተራው ከጭንቅላቴ ጠፍቷል። ሐሙስ በተራው የሀጂ ነው። ለቅሶው ላይ ተናግሬ ላዛውረው ሲገባኝ አልተናገርኩም። ላንተም ሐሙስን ሰጠሁህ። ሁለታችሁም አልዋሻችሁም። የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

ዳር ላይ ከነበሩት አንዷ ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ኋላ ተራመደች።  ጥፊ ጠብቄ ነበር፣ ስድብም ጠብቄ ነበር። ሰዎች ከእኔ የአንድ ክንድ ያህል እንደሚሸሹ ግን አልጠበቅሁም፤ ኬላው ላይ እንደነበረው።

የጅዳው ግን አልሸሸም። ቀረበኝ። «በእናቴ ድንኳን ውስጥ የተናገሩትስ?»

«እሱም ሕመሙ ነው።»

«ሰው አሚን ያለበት?»

«አዎ።»

አካፋውን ብድግ አደረገው። ሀጂ ከቦዩ ውስጥ «ልጄ» አለ፣ ለስለስ ብሎ። አካፋው ወረደና ከነጠላ ጫማዬ አጠገብ፣ ስንዝር በማይሞላ ቦታ ጭቃው ውስጥ ተተከለ። «መምህር ባይሆኑ ኖሮ…» አለኝ። ቀሪውን አልተናገረም። ብዙ ዓረፍተ ነገር አርሜያለሁ፤ ያኛው ግን እስከ ዛሬ ሳያልቅ አብሮኝ ይኖራል።

ሀጂ ከቦዩ ወጣ። መክፈያው መሃል ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ አቁሞ ውሃውን ለሁለት ከፈለው። «ግማሽ የኔ፣ ግማሽ ያንተ» አለው። «አይበቃንም። ግን ማንም አይቀበርም።» የጅዳው አካፋውን ነቅሎ ከውሃው ጋር ሄደ። እውነትም አልበቃም። የሀጂ ሽንኩርት እንደምንም አለፈ፤ የጅዳው የታችኛው መደብ በሙሉ ተቃጠለ። ከቤቴ ይታያል፤ መጀመሪያ ቢጫ፣ ከዚያ ገለባ፣ ከዚያ መሬት።

በሳምንቱ ገበሬው ተሰብስቦ የውሃ አባትነቴን አነሳ። አንዲት ባልቴት ተመረጡ፤ ደብተር ይዘው መጡ፣ ማንም አልጠረጠራቸውም። የፈራሁት ነገርም መጣ፤ አምና የሰጠሁት ተራ ሳይቀር ተጠየቀ፤ ሁለት ቤቶች እስከ ዛሬ አይነጋገሩም። እኔም ወልድያ ተመልሼ ለዚያ ደግ ሰው «አልሠራም» አልኩት። አልሳቀም፤ ወረቀቱን ጻፈልኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንደሚባለው፣ ሞኙም ወረቀቱም እስካሁን አልተላቀቅንም። ኬላ ላይ «ሥራ?» ስባል አውጥቼ አሳያለሁ። ያነቡታል፣ ቶሎ ይመልሱልኛል፣ እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ ያብሳሉ።

በአጥሬ የሚያልፍ ሰው አሁን ስለ ሥራ አይጠይቀኝም። «እግዜር ይማርዎት» ይላል፣ ፈጠን ብሎ። ጥያቄው ይናፍቀኛል ብል ማን ያምነኛል? ሀጂ ብቻ እንደ ድሮው ከአሱር በፊት ይመጣል፤ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለ። «ዛሬ ስንት ነው?» ይለኛል። ስለ ጫማ ነው። «አንድ» እለዋለሁ፤ በደህና ቀን «ሁለት»። አንድ ባልኩት ቀን ረዘም አድርጎ ይቀመጣል።

ሌላም የሚጠይቀኝ አንድ ሰው አለ። ማለዳ ማለዳ፣ አካፋውን ትከሻው ላይ አድርጎ አጥሬ ጋ ይቆማል። እጀታው አሁን ነጭ አይደለም። ስንዝር የምታህል ፈገግታ እንኳ የለውም፤ ድምፁ ግን ጨዋ ነው፣ አንቱታውን አልተወም።

«እንዴት አደሩ፣ መምህር። ሥራ እንዴት ነው?»

«አልሠራም» እለዋለሁ። «ታምሜያለሁ።»

እስክጨርስ ቆሞ ይሰማል። አንድ ጊዜ እንኳ አቋርጦኝ አያውቅም። ከዚያ የተቃጠለውን መደቡን አየት ያደርግና ወደ ቦዩ ይወርዳል። ሚስቴ «ይህን ሰው አታናግረው፣ ከቤት አትውጣለት» ትለኛለች። እወጣለታለሁ። መልሱን በየቀኑ ሊሰማ መብት አለው። የማላውቀው፣ ሰምቶ የሚጠግበው መቼ እንደሆነ ነው። እስከዚያ አጥሩ ጋ ሳገኘው ሁለቱንም ጫማ አድርጌ ቢሆን ደስ ይለኛል።